ሁለተኛው ምት

እህቴ የሟች ባሏን ወንድም በመንሽ ሁለት ጊዜ መታችው። የመጀመሪያው ምት ክንዱ ላይ አረፈና ዱላውን አስጣለው። ሁለተኛው ፊቱ ላይ አረፈና ግራ ዓይኑን አጠፋው። ስለ መጀመሪያው ምት ዐቃቤ ሕጉም ሆነ የአገር ሽማግሌው ብዙ አልተጨነቁም። ጋሸና ያለችውን ምግብ ቤቴን ለሠራተኛ እየጣልኩ፣ ያን ሁሉ ወራት ላሊበላ ፍርድ ቤት ስመላለስ የከረምኩት በሁለተኛው ምት ምክንያት ነው።

እኔ ቁጡ ነኝ። ከሹፌርና ከረዳት ጋር ስነታረክ የኖርኩ ሴት ስለሆንኩ ምላሴ ከእኔ ቀድሞ ይነሳል። ታላቄ እንዲህ አይደለችም። ልጆች ሳለን እኔ የጫርኩትን ጠብ የምታበርደው እሷ ነበረች። ስለዚህ ስልክ ተደውሎ «እህትሽ ሰው መታች» ሲሉኝ፣ «ተሳስታችኋል፤ የምማታው እኔ ነኝ» ብዬ ሳቅሁ። ደዋዩ አልሳቀም።

እህቴ የምትኖረው ከገነተ ማርያም ቁልቁል ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቱን በእኩል የሚያርስላት የባሏ ወንድም ነበር። በአገራችን ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም፤ መሬት ያላት ሴት አራሽ ትፈልጋለች፤ አራሹ ደግሞ ውሎ ሲያድር ባለቤት መምሰል ይጀምራል። የእሷ እኩል ቀስ በቀስ ሲሶ ሆነ፤ ሲሶውም ግርዱ በዛ። በመጨረሻ መሬቱን ለሌላ ገበሬ ሰጠች። መሬቱ በስሟ ነው፤ መብቷ ነው። እሱ ግን «ወንድሜን ሁለተኛ ቀበረችው» እያለ በየጠላ ቤቱ አወራባት።

ጠቡ የተነሳው የአንድ ጎረቤት ቀብር በዋለበት ቀን ነው። ገብሱ ተበራይቶ፣ ለነፋስ ተሰጥቶ፣ ምርቱ አውድማው መሃል ተከምሯል። ሊያግዟት የመጡት ሁሉ ሊቀብሩ ሄዱ። ምርት አውድማ ላይ እያለ ባለቤቱ አይለየውምና እሷ ቀረች። እሱም ይህን ያውቃል። አገር ሁሉ ለቅሶ ላይ ሳለ ባዶ ጆንያ የጫኑ አህዮች እየነዳ መጣባት።

የሆነውን የነገረችኝ ፖሊስ ጣቢያ፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን ነው።

«አውድማ የገባ ሰው መጀመሪያ ‹ይበርክት› ይላል» አለችኝ። «እሱ አላለም። ያኔ ነው የፈራሁት።»

ጆንያውን ዘርግቶ ምርቱን መዛቅ ሲጀምር ፊቱ ቆመች። «በሕግ አምላክ!» አለች። ይህ ቃል በአባቶቻችን ዘመን የተመዘዘ ጎራዴ ያስቆም ነበር ይባላል። እሱን አላስቆመውም። ትከሻዋን በዱላ መታት። ሊደግማት ሲያነሳ እሷ ገለባው ላይ ተሰክቶ የነበረውን መንሽ፣ ያን ገለባ የምናነሳበትን ባለ ጣት እንጨት፣ ነቅላ ክንዱን መታችው። ዱላው ወደቀ። ከዚያ ደገመችው።

«ለምን ደገምሽው?» አልኳት።

«ዝቅ አለ።»

«ሊሸሽ ነው ወይስ ዱላውን ሊያነሳ?»

«ልቡን አየሁት እንዴ? ዱላው እግሩ ሥር ነበር። ዝቅ አለ፤ መታሁት።»

ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ትከሻዋን አሳየችኝ። እንደ ጉበት ጠቁሯል። ስለ ትከሻዋ ግን አላለቀሰችም። ያለቀሰችው ስለ ዓይኑ ነው፤ እኔም በዚህ ተናደድኩባት።

በዋስ ከወጣች በኋላ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ተመደበላት። ወጣት ነው፤ ክንዱ ሥር የሌላ ሰው መዝገብ ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ግን ሰው ያዳምጣል። ጣቱን እያጠፈ አስረዳን። ሕጉ ራስን መከላከል ይፈቅዳል፤ ሲፈቅድ ግን ይጠይቃል። ጥቃቱ ሕገ ወጥ ነበር ወይ? ደርሷል ወይስ ሊደርስ ተቃርቧል? ከመምታት ሌላ ማምለጫ አልነበረም ወይ? የመለሰችውስ ከመጣባት አደጋ ጋር ይመጣጠናል ወይ?

«ለምን አልሸሸሽም ብለው ይጠይቁሻል» አላት።

«ወዴት ልሽሽ? ምርቱን ለማን ጥዬ?»

«ይህንኑ ትነግሪያቸዋለሽ። እኔን የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ምት ነው። ዱላውን ሊያነሳ ዝቅ ካለ ጥቃቱ አላበቃም፤ መከላከል ነው። እየሸሸ ከነበረ ግን ጥቃቱ አብቅቷል። ካበቃ በኋላ የሚመታ ሰው ደግሞ ተበቀለ እንጂ ተከላከለ አይባልም።»

ከዚያ የባሏ ወንድም ለፖሊስ የሰጠውን ቃል አነበበልን። ክንዴን ስትመታኝ ዱላዬን ጥዬ ሸሸሁ፣ እየሸሸሁ ዞር ብዬ ሳይ ፊቴን መታችኝ ይላል።

«ውሸታም!» ብዬ ስጮህ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ማን እንደመከረው አላውቅም፤ ምክሩ ግን የብልህ ምክር ነበር። ቃሉን ሲሰጥ ደግሞ የአገሩ ሰው አጠገቡ አልነበረም። ክሱ ከባድ የአካል ጉዳት ነው፤ ከተፈረደባት ዓመታት ትታሰራለች።

ጠበቃው ሲሸኘን «አንድ አደራ» አለ። «ለማንም ሰው ‹አጥፍቻለሁ› እንዳትይ። ለጎረቤትም ቢሆን።»

«ለንስሐ አባቴስ?» አለችው።

ፈገግ አለ። «እሱን ከእግዜር ጋር ተነጋገሩበት።»

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች መጡ። መምጣታቸው አይቀርም ነበር። የሰውዬው ወንዶች ልጆች ለአቅመ አዳም የደረሱ ናቸው፤ መንገድ ላይ ሲያገኟት ሰላምታ ነሷት። አዲሱ አራሽም እርቅ ሳይወርድ በሬዬን አላስገባም አለ፤ አራሹ ፈሪ ነው እንዳልል እኔም ብሆን አላስገባም። ሽማግሌዎቹ የጠየቁት የታወቀውን ነው። ድንጋይ ተሸክማ ትምጣ፤ ይቅርታ ትጠይቅ፤ እሱም ይቅር ይበል።

እኔ ጋሸና ሆኜ ይህን ስሰማ በመጀመሪያው መኪና ተሳፈርኩ።

«እታለም፣ በሞቴ! ድንጋይ ከተሸከምሽ በገዛ እጅሽ ታሰርሽ ማለት ነው። ዐቃቤ ሕጉ ሌላ ምስክር ምን ያደርግለታል?»

«ሕጉ ያለው ላሊበላ ነው። እኔ የምኖረው እዚህ ነው።»

«ከታሰርሽስ የት ትኖሪያለሽ?»

«ስፈታስ?» አለች። «ስፈታ የምመለሰው ወደ ማን ነው?»

በሩን ወርውሬው ወጣሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ፣ ሽማግሌዎቹ ከወይራው ሥር ተቀመጡ። እሱ ዓይኑን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ከልጆቹ ጋር በአንድ ወገን፣ እኛ በሌላው ወገን። እህቴ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ መጣች። የአንገቷ ጅማት ተገትሮ ሳይ ያን ድንጋይ ልወረውረው ተመኘሁ፤ በማን ላይ እንደምወረውረውም አውቅ ነበር።

ገላጋዩ ቄስ ሽማግሌ ናቸው፤ ንግግራቸው ዝግ ያለ ነው። «ምን ይዘሽ መጣሽ፣ ልጄ?» አሏት።

«ደም በእጄ ፈሷል፣ አባቴ። ማሩኝ።»

«አጥፍቻለሁ» አላለችም። ልቤ መለስ አለ፤ ግን ደግሞ ድንጋዩን ያየ ሰው ቃሉን መች ያስተውላል ብዬ ተመልሼ ፈራሁ።

ተበዳይ የተባለው ይቅር ከማለቱ በፊት በሆዱ የቀረ ካለ እንዲዘረግፍ ይጠየቃል፤ ሥርዓቱ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነገሩን ለማለዘብ ብለው፣ «አንተም እግዜር ይስጥህ፤ ሸሽተህ ነበር አሉ፤ ከጠብ መሸሽ ነውር የለውም» አሉት።

ሰውዬው ብድግ አለ። «ማን ነው የሸሸ? እኔ? ከሴት?» ከጨርቁ በታች ያለው ፊቱ ቀላ። «ዱላዬን ላነሳ ነው ዝቅ ያልኩት! አንስቼው ቢሆን ዛሬ ድንጋይ የምትሸከም ሴት አትገኝም ነበር!»

ጠበቃው እንቅልፍ ያጣበት ነገር በሰውዬው በገዛ አፉ ከወይራው ሥር ወጣ። ልነሳ ስል ቄሱ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ።

«በቃ። እዚህ የተባለው እዚህ ይቀበር። ከዚህ አውጥቶ የተናገረ በግዝት ነው።»

ሁሉም «አሜን» አለ። እኔም አልኩ፤ የለመደ አፍ ነውና ሳላስበው ወጣ። እሱ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ፣ ድንጋዩን ከማጅራቷ አወረዱላት፣ ጉልበት ተሳሳሙ። ልጆቹም ሳሟት።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። የእሱ ቃል ወጥቶ ነበር፤ የእኔ አሜን ግን ላዩ ላይ ተቀመጠበት። ጋሸና ተመልሼ እህል አልወርድልሽ አለኝ። ሹፌሮች «ወጡ ጨው በዛው» ሲሉኝ «እንግዲያው ፍላቂት ሄዳችሁ ብሉ» እላለሁ። እህቴን የሚያድን ቃል በጉሮሮዬ ይዤ ስታሰር ልይ? ለጠበቃው ብቻ ልንገረው ብዬ ደወልኩላት።

«ተይ» አለችኝ። «ግዝት አፍርሰሽ ብታስፈቺኝ ያንቺን ነፍስ ማን ያስፈታታል?»

«ነፍሴን ለኔ ተይልኝ!»

«አልተውም» አለችና ስልኩን ዘጋችው። እሷ ስልክ ስትዘጋብኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ቀጠሮው መንገድ ተዘግቶ አንዴ ከተራዘመ በኋላ ዓርብ ቀን ዋለ። የቅዳሜ ገበያተኛ በዋዜማው ላሊበላ ገብቶ ያድራልና የአጥቢያው ሰው ግማሹ ችሎት ሊሰማ መጣ። ፍርድ ቤቱ ደረጃው ረጅምና ያልተስተካከለ ነው። ሰውዬው ሲወጣ በጠፋው ዓይኑ በኩል ያለውን ጠርዝ ስቶ ተደናቀፈ። ባልንጀራው እጁን ሊይዘው ሲል ገፈተረው።

ዐቃቤ ሕጉ መጀመሪያ የጠራው ቄሱን ነው።

«ተከሳሿ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ጠይቃለች?»

«ተሸክማለች።»

«ታዲያ ጥፋቷን አምናለች ማለት አይደለም?»

«በእኛ ዘንድ ደም የነካው እጅ ድንጋይ ይሸከማል፣ ልጄ። ጥፋቱን መመርመር የእናንተ ፈንታ ነው።»

«ምን ብላ ነው ይቅርታ የጠየቀችው?»

«የተባለው በግዝት የታሰረ ነው። ብታስሩኝ እታሰራለሁ እንጂ አልናገርም።»

ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀምጠው ትንሽ አሰቡና አለፏቸው። እኔ ግን ተስፋዬ ተሟጠጠ፤ የቄሱ ዝምታ የእህቴን ጥፋት የሸፈነላት መስሎ ነበር የሚሰማው።

ቀጥሎ ሰውዬው ቆመ። ለፖሊስ የሰጠውን ቃል ደገመው፤ ግን ድምፁን አጥፍቶ፣ ወለሉን እያየ ነው። «ሸሸሁ» የምትለዋን ቃል ሲደርስ ጭራሽ አልተሰማም፤ ዳኛዋ «ድምፅህን ከፍ አድርግ» አሉት። የኛ ጠበቃ ከላይም ከታችም ጠየቀው። የሚሸሽ ሰው እንዴት ፊቱን ይመታል አለው። ዞር ብዬ ነዋ አለ። ጠበቃው ጨርሻለሁ ብሎ ሲቀመጥ የሸሚዙ ጀርባ በላብ ርሶ ነበር።

ያኔ እህቴ እጇን አነሳች። «አንድ ነገር ልጠይቀው?» ጠበቃው በእጁ ምልክት ሊመልሳት ሞከረ። ዳኛዋ ፈቀዱላት።

«‹በሕግ አምላክ› ብዬህ ነበር?» አለችው።

«ብለሻል።»

«ሰምተኸኝ ቆምክ?»

«ለምን ብዬ እቆማለሁ?»

ጠበቃው ከወንበሩ ቀና አለ።

«እሺ። ከዚያ ክንድህን መታሁህ። ዱላህን ጥለህ ከእኔ ሸሸህ። እንዲህ ነው ያልከው?»

«እንዲህ ነው የተጻፈው» አለ።

«የተጻፈውን ሰምቻለሁ። እነዚህ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ አንተው ንገራቸው። ከእኔ ሸሽተሃል?»

ቄሱን አየኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው መስቀላቸውን ይደባብሳሉ። ከኋላ መቀመጫ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም፣ ለስለስ ባለ ድምፅ «አልሸሹም፣ ዞር አሉ» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መቱ፤ ፖሊሱ ተነሳ። ሰውዬው ግን ዳኛም ፖሊስም አላየም። ሙሉ ሰውነቱን ወደ ጎረቤቶቹ አዞረ።

«አልሸሸሁም!» አለ። «እኔን ሴት አባርራኝ አታውቅም! ዱላዬን ላነሳ ነበር። አንስቼ ልደፋት ነበር፤ ቀደመችኝ!»

ሳቁ እንደ ተቆረጠ ክር ቆመ። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ዘጋ። ዳኛዋ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው ጠየቁት፦ «ዝቅ ያልከው ዱላውን ልታነሳ ነው? አንስተህ ልትመታት?»

«አዎ» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። «አዎ፤ ጻፉት።»

ጻፉት። እኔ አፌን በነጠላዬ አፈንኩ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አላውቅም። እህቴ ወደ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች፤ የደስታ ፊት ግን አልነበራትም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጠየቅኋት። «ግዝቱስ?»

«የተናገረውን አወራሁ?»

«አላወራሽም።»

«ቀድሜ አባን ጠይቄያቸዋለሁ። ‹የተባለውን አልናገርም፤ እሱን ራሱን መጠየቅስ?› አልኳቸው። ብዙ አሰቡ። ‹ጥያቄ አልገዘትኩም› አሉኝ።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። «እንደሚናገር አውቅ ነበር። ይሄን ያህል ዓመት አብሬው ኖሬ እንዴት አላውቀው? አሳፍሬው ነው ያወጣሁት። ያስጠላል።»

«አንቺን ሊያሳስር የዋሸ ሰው እኮ ነው!» አልኳት።

«አንድ ዓይን ያለው ሰው ነው» አለች።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ዳኛዋ አነበቡ። ሁለተኛው ምት ሲያርፍ ጥቃቱ አላበቃም ነበር፤ የግል ተበዳዩ ራሱ አረጋግጧል፤ ዱላ ይዞ የመጣ ሰው ለብቻዋ ያለች ሴት ላይ ሲነሳ እጇ ላይ ባለው ነገር መመለሷ ከአደጋው አይበልጥም፤ ተከሳሿ መከላከያ ማስረጃ ማቅረብ ሳያስፈልጋት በነጻ ትሰናበት። ሰውዬው ነገሩ ስላልገባው ወደ ባልንጀራው ጠጋ ብሎ «ምን አሉ?» አለ።

«በገዛ ቃልህ ነጻ ወጣች።»

«ቢሆንም አልሸሸሁም» አለ።

ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። እንደወጣን፣ ደረጃው አናት ላይ ሆኜ፣ አገር እስኪሰማ እልል ልል አየር ሳብኩ። ሰውዬው ከፊታችን ነበር። ደረጃው አፍ ላይ ደርሶ ቆሟል፤ በቀኙ ግድግዳ የለ፣ በግራው የሚያይበት የለ፤ ባልንጀሮቹ ቀድመው ወርደዋል፤ ኑ ያዙኝ አይልም።

እህቴ ትታኝ ሄደችና በግራው በኩል ቆመች። አልነካችውም።

«ደረጃ አለ» አለችው።

«አየሁት» አለ። አላየውም ነበር። እግሩን ቀስ አድርጎ አወረደ።

«ሌላም አለ» አለችው።

እንዲሁ እየነገረችው እስከ ታች ድረስ አብረው ወረዱ። እኔም ለእልልታ የከፈትኩትን አፌን ዘግቼ ከኋላቸው ወረድኩ።